ከእኛ በፊት የጀመሩት ምን ሆኑ?

የዛሬውን ጉዳይ ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ታሪክ እጀምራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዳንኤል ካነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ የእስራኤልን የትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች አሳምነው አንድ ሥራ ጀመሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰው እንዴት እንደሚፈርድና እንዴት እንደሚወስን የሚማሩበት መጽሐፍ ሊያዘጋጁ ነው። ልምድ ያላቸው መምህራንን፣ የራሳቸውን ተማሪዎችና በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ዲን የነበሩትን ሲሞር ፎክስን ሰበሰቡ። በየሳምንቱ ዓርብ እየተገናኙ አንድ ዓመት ያህል ሠሩ። ዝርዝር መርሐ ግብሩ ወጣ፤ ጥቂት ምዕራፎች ተጻፉ፤ ክፍል ውስጥም ተሞከሩ። ሥራው የተቃና መሰለ።

አንድ ቀን ካነማን እያንዳንዱ ሰው ረቂቁ መቼ ተጠናቆ ለሚኒስቴሩ እንደሚቀርብ በየራሱ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ጠየቁ። አንዱ በሌላው እንዳይሳብ ሳይነጋገሩ ጻፉ። መልሶቹ ሁለት ዓመት አካባቢ ነበሩ፤ ያነሰው አንድ ዓመት ተኩል፣ የበዛው ሁለት ዓመት ተኩል። ከዚያ ካነማን ወደ ፎክስ ዞሩና ሌላ ጥያቄ አቀረቡ፦ እንደ እኛ ያለ ሥራ የጀመሩ ሌሎች ቡድኖችን ያውቃሉ? አዎ፣ ብዙ አውቃለሁ። እኛ አሁን የደረስንበት ላይ ከደረሱ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ፈጀባቸው? ፎክስ ዝም አሉ። ሲናገሩ እያፈሩ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ልብ ብለውት አያውቁም እንጂ፣ ከእነዚያ ቡድኖች 40 በመቶ ያህሉ ጨርሶ ከፍጻሜ አልደረሱም። ከፍጻሜ ከደረሱት መካከልም ከሰባት ዓመት ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ቡድን አላስታወሱም፤ ከአሥር ዓመት የበለጠ የፈጀበትም የለም። ታዲያ የእኛ ቡድን ከእነዚያ ሲተያይ እንዴት ነው? ሲባሉ፣ ከመካከለኛው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አሉ።

ልብ በሉ፦ ፎክስ ራሳቸው ከጥቂት ደቂቃ በፊት በወረቀታቸው ላይ ሁለት ዓመት ገደማ ጽፈው ነበር። እውነተኛው ቁጥር ዓመቱን ሙሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ቡድኑም ይህን ሰምቶ አልተበተነም። ጥቂት ተነጋገሩና ምንም እንዳልተሰማ ሥራቸውን ቀጠሉ። መጽሐፉ ያለቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሲያልቅ ካነማን ከእስራኤል ወጥተው ነበር፤ የሚኒስቴሩም ስሜት ቀዝቅዞ ስለነበር መጽሐፉ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን የተስፈኝነት ዝንባሌ ይሉታል። መጥፎው ነገር ከእኛ ይልቅ በሌላው ላይ የሚደርስ፣ ደጉ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለእኛ የቀረበ እየመሰለን እንፈርዳለን። በገዛ ሥራችን ላይ ሲመጣ ጊዜውን አሳንሰን፣ ወጪውን አቅልለን፣ ጥቅሙን አብዝተን እናያለን። ካነማንና የሥራ ጓደኛቸው አሞስ ትቨርስኪ ለዚህኛው መልኩ እ.ኤ.አ. በ1979 «የዕቅድ ስህተት» የሚል ስም አውጥተውለታል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ ስህተት የሚወለደው ከቅርበት መሆኑን ነው። ነገሩን ከሁሉ በላይ በቅርብ የሚያውቀው፣ ከሁሉ በላይ የሚወደውና የደከመለት ሰው፣ በምን እንደሚያልቅ ሲጠየቅ ከሩቅ ተመልካች የባሰ ይሳሳታል። ሁለተኛም ነገር አለ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የስህተቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተስፋ ያደረገው ሰው ብቻ አይደለም።

ቅርበት እንዴት እንደሚያሳስት እንይ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒል ዋይንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ250 ለሚበልጡ የኮሌጅ ተማሪዎች 42 የሕይወት አጋጣሚዎችን ዘርዝረው ሰጧቸው። ጥሩ ሥራ ማግኘት፣ የራስ ቤት መያዝ፣ የልብ ሕመም፣ የመጠጥ ሱስ፣ ፍቺ። ከክፍል ጓደኞችህ ጋር ስትተያይ ይህ አንተን የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ተማሪዎቹ በአማካይ ደጉን ለራሳቸው አበዙ፤ ክፉውን ለጓደኞቻቸው ተዉ። ከመካከላቸው የአንዱ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። የሁሉም በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ግን አይችልም፤ ሁሉም ከሁሉም ሊሻል አይችልምና።

ይህ ካለማወቅ የመጣ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ሌላ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የጋብቻ ፈቃድ ሊያወጡ የመጡ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። በአገራቸው ከሚጋቡት ግማሽ ያህሉ እንደሚፋቱ በትክክል ያውቃሉ። አንተስ? አንቺስ? ሲባሉ ግን የመካከለኛው መልስ ዜሮ ነበር። ያው ጥናት የቤተሰብ ሕግ የተማሩ የሕግ ተማሪዎችንም አይቷል። ትምህርቱ ስለ ፍቺ ሕግ ያላቸውን እውቀት ጨመረ፤ ስለ ራሳቸው ትዳር ያላቸውን ተስፋ ግን አልነካውም። እውቀቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ ስለ ራሳችን የምንወስነው በሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ 37 ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን አሉ። ሁሉ ነገር የሚቻለውን ያህል ቢበላሽስ? ሲባሉ 49 ቀን ገደማ ገመቱ። እውነተኛው ከ55 ቀን በላይ ነበር። ይህን ቁጥር አልፋችሁት እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ። ሰዎቹ የከፋውን ሲያስቡ እንኳ ከሆነው ነገር የተሻለ ነበር ያሰቡት። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሰዎች ስለ ሌላ ሰው ሥራ እንዲገምቱ ሲጠይቁ ግን ተቃራኒውን አገኙ፤ ለሌላው ሲገመት ጊዜው በዛ።

ይህን በአገራችን ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የመሠረቱን፣ የአርማታውንና የብሎኬቱን ሂሳብ በወረቀት አስፍሮ የጀመረ ሰው ፊኒሺንግ ላይ ሲደርስ ብሩ ያልቅበታል። ጎረቤቱ ሲሠራ «ይህ ቤት በዚህ ብር አያልቅም» ብሎ በትክክል የፈረደው ግን እሱ ራሱ ነበር። ለጎረቤቱ ሲፈርድ ያየው የሰፈሩን ቤቶች ሁሉ ነው፤ ለራሱ ሲፈርድ ያየው የራሱን ዕቅድ ብቻ ነው። ዕቅድ ሲነደፍ ደግሞ ደረጃዎቹ በተራ ይታዩናል እንጂ እንቅፋቶቹ በስማቸው ተጠርተው አይመጡም። የሲሚንቶ ዋጋ መናር፣ የግንበኛው መታመም፣ የፈቃድ ወረቀት መዘግየት፣ የዘመድ ሐዘን፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የማይመስል ነገር ነው። ሂሳቡን ግን እንሥራው። አንድ ሥራ አሥር ደረጃ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ደረጃ በጊዜው የማለቅ ዕድሉ ከ100 90 ይሁን፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥገኛ አይሁን። አሥሩም በጊዜያቸው የማለቃቸው ዕድል ከ100 35 ብቻ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ሲያይ የተማመነ ሰው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ድምሩን አለማየቱ ነው።

ስለ አንጎል አሠራርም አንድ ነገር ልጨምር። የለንደኗ ተመራማሪ ታሊ ሻሮትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንድ ክፉ ነገር ሊደርስባቸው የሚችልበትን ዕድል ይገምታሉ፤ ከዚያ እውነተኛው አማካይ ቁጥር ይነገራቸዋል። ቁጥሩ ከፈሩት ያነሰ ሆኖ ሲያገኙት ግምታቸውን በደንብ ያስተካክላሉ፤ ከፈሩት የባሰ ሲሆን ግን ጥቂት ብቻ ይነቃነቃሉ። በስሌቱ ዘዴ ላይ ሌሎች ምሁራን ብርቱ ትችት አቅርበዋልና ይህን የመጨረሻ ፍርድ አድርጌ አላቀርብላችሁም።

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ ልሻገር። በየዓመቱ ብዙ ወጣቶቻችን በጅቡቲ በኦቦክ፣ ወይም በሶማሊያ በቦሳሶ በኩል ባሕር ተሻግረው በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። በረሃውን፣ ጀልባውን፣ ገንዘብ ለማስላክ የሚያግቱትንና የሚያሰቃዩትን ሰዎች የሚያስጠነቅቁ ፖስተሮችና የሬዲዮ ዝግጅቶች ለዓመታት ተዘጋጅተዋል። የብዙዎቹ መነሻ ሐሳብ ወጣቶቹ አደጋውን ቢያውቁ ኖሮ አይሄዱም የሚል ነበር። ናይሮቢ ይሠራ የነበረው የቀጣናው የድብልቅ ፍልሰት ሴክሬታሪያት እ.ኤ.አ. በ2014 ኢትዮጵያውያን ፍልሰተኞችን ጠይቆ «በተስፋ የታወሩ» በሚል ርዕስ ጥናት አወጣ። አብዛኞቹ አደጋውን ያውቁታል። ሆኖም ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉንም ነገር በአስተሳሰብ ዝንባሌ ማስረዳት ለተመቸው ሰው የሚቀል ፍርድ ነው። መሬት የሌለው፣ ሥራ ያጣ፣ እናቱን መጦር የሚፈልግ ልጅ አደጋውን አመዛዝኖ ሊሄድ ይችላል፤ ያንን ተሳስተሃል የማለት ድፍረት የለኝም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድነት ይሠራሉ። ችግሩ ይገፋዋል፤ «በእኔ አይደርስም» የሚለው ስሜት ደግሞ መንገዱን ያሳጥርለታል። ደላላውም ይህን ስሜት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ደርሶ ብር የላከውን ልጅ ስም ይጠራል፤ የቀሩትን አያነሳም። ሊሄድ የተነሳው ልጅ የሚያውቀው የአደጋውን መኖር ነው። ያላወቀው ቁጥሩን ነው፦ ከቀበሌው በዚህ መንገድ ከወጡት ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ ታግቶ ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ አስለቀቀው፣ የስንቱ ድምፅ ጠፋ? ይህን ስም በስም የሚያውቀው የቀበሌው ሕዝብ ራሱ ነው። ፖስተር ከመለጠፍ ይልቅ ያንን መዝገብ በአደባባይ ማንበብ ይሻል ነበር እላለሁ። በሬው የተሸጠበት አባት በውሳኔው ላይ አልነበረም፤ ዕዳው ግን የእሱ ነው።

ከግለሰብ ወደ መንግሥታት ሥራ ስንወጣ ዝንባሌው አያንስም። የሲድኒ ኦፔራ ቤት ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር ዋጋው 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቶ፣ በ1963 ያልቃል ተብሎ ነበር። የተከፈተው በ1973 ነው፤ 102 ሚሊዮን ፈጀ። ቤንት ፍሉቭቢየርግ የተባሉ ዴንማርካዊ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 245 ትልልቅ ግድቦችን መርምረው፣ ወጪያቸው ከታቀደው በአማካይ 96 በመቶ፣ ጊዜያቸው ደግሞ 44 በመቶ እንደበለጠ ጽፈዋል። ጥናቱን የተቃወሙ አሉ፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

የእኛም ታላቁ የዓባይ ግድብ ከዚሁ መዝገብ ውጭ አልሆነም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ያመነጨው በየካቲት 2014፣ ግድቡ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው መጓተት፣ የዲዛይን ለውጥ፣ የገንዘቡና የዲፕሎማሲው ትግል። ይህን የማነሳው ከደመወዙ ቆርሶ ቦንድ የገዛውን ሕዝብ ድል ለማሳነስ አይደለም፤ እኔም ከሚኮሩት ነኝ። ነገር ግን ያ ሕዝብ ከመጀመሪያው «እንዲህ ያሉ ግድቦች ከታቀደላቸው ጊዜ ብዙ ያልፋሉ፤ የእኛም ሊያልፍ ይችላል» ቢባል ኖሮ መስጠቱን የሚተው አይመስለኝም። እውነቱን የሚሸከም ትከሻ ነበረው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ። ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ችግሩን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ብዙ ታላላቅ ሥራዎችን አንጀምርም ነበር ብለው ተከራክረዋል። በልዩ ልዩ አገሮች በዓለም ባንክ ብድር የተሠሩ ፕሮጀክቶችን ዞረው አይተዋል፤ የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ አንዱ ነበር። ዋና ምሳሌያቸው ግን ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር በካርናፉሊ ወንዝ ዳር የተተከለው የወረቀት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለጥሬ ዕቃ የተማመነበት ቀርከሃ አበበና በጅምላ ደረቀ፤ ቀርከሃ ካበበ ይሞታልና። የፋብሪካው ሰዎች ግን ከሌላ አካባቢ በወንዝ ቀርከሃ የሚያስመጡበትን መንገድ አበጁ፤ ሌላ ተክልም ማጥናት ጀመሩ። ባለማወቅ ገቡ፤ በብልሃት ወጡ። ሂርሽማን ይህን «የሚሸሽግ እጅ» አሉት።

ክርክሩ ውብ ነው፤ ልብም ይማርካል። እኔ ግን አልቀበለውም። ቀርከሃው ደርቆባቸው መውጫ ያላገኙት ፋብሪካዎች መጽሐፍ አይጻፍላቸውም። የሲድኒን ኦፔራ ቤት የነደፉት ዮርን ኡትሶንም ጠብ ውስጥ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራቸውን ለቀቁ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተመልሰው ሕንፃውን አላዩም። ለዕቅዱ ስህተት አንድ ታላቅ ሰው ብዙ ዋጋ ከፍሏል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰውን በምክር ማስተካከል እንደማይቻል የሕግ ተማሪዎቹ አሳይተውናል። የሚሠራው ከግለሰቡ ልብ ውጭ የቆመ ሥርዓት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም መዋስ የለብንም፤ ዕድር አለን። ዕድር አባሉን «በዚህ ወር ሐዘን የሚገባብህ ይመስልሃል?» ብሎ አይጠይቅም። ቢጠይቅ መዋጮውን የሚከፍል አይገኝም፤ በወሩ መጀመሪያ ቤቱ ድንኳን ይተከላል ብሎ የሚያስብ ጤነኛ ሰው የለምና። ዕድር የሚያየው መዝገቡን ነው። በዓመት ስንት ቀብር እንደነበረ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ያውቃሉ፤ መዋጮው፣ የድንኳኑና የወንበሩ ግዢ፣ የቀሪው ቅጣት ሁሉ በዚያ ይሰላል። የማን ቤት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ የአንዳችን ቤት መሆኑን ግን ሁላችንም ተስማምተን ፈርመናል። አባቶቻችን ስለ ሥነ ልቦና ምርምር ሳይሰሙ የሰው ልጅ ስለ ራሱ ሞት ትክክል እንደማይገምት አውቀው ግምቱን ከእጁ ወስደውለታል። ቤት ለመሥራት፣ ንግድ ለመክፈት፣ ልጅን ወደ ውጭ ለመላክ ሲሆን ግን ይህን ጥበብ የምንተወው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የመንግሥት ፕሮጀክት የሚያቀርቡ ሰዎች በግምታቸው ላይ ስለ ተስፈኝነታቸው ተጨማሪ ወጪና ጊዜ እንዲያስቡ በመመሪያው አዟል። ጋሪ ክላይን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ ለስብሰባ የሚሆን ቀላል ዘዴ አላቸው። ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ሰብሳቢው «አንድ ዓመት አልፏል፤ ዕቅዳችን ወድቋል፤ ለምን እንደወደቀ እያንዳንዳችሁ ጻፉ» ይላል። ሰብሳቢው ራሱ ስላዘዘ፣ ጥርጣሬውን ይዞ ዝም ያለው ሰው ያለ ፍርሃት ይጽፋል። አለቃን መቃወም ነውር በሆነባቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመጨረሻው ጉዳዬ የሕመም ነው። ሁለት ሐኪሞች ቺካጎ ውስጥ 343 ባልደረቦቻቸውን ሊሞቱ ስለተቃረቡ 468 ሕሙማን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። ይህ ሕመምተኛ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ለእውነቱ የቀረበው ግምት 20 በመቶው ብቻ ነበር። 63 በመቶው ዕድሜውን አስረዘመ፤ ግምቱ ሕመምተኛው ከቆየበት ጊዜ በአማካይ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ለረጅም ጊዜ ባወቀው መጠን ደግሞ ስህተቱ ጨመረ። ስንከታተለው የኖርነው ሰው ሲሞት ማየት አንችልም፤ ሐኪምም ሰው ነው።

በእኛ አገር ክፉ ዜና ብዙ ጊዜ ለሕመምተኛው ራሱ አይነገርም፤ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ለቤተሰብም በለሆሳስ። ሐኪሙ «ተስፋ አለው» ይላል፤ ቤተሰብ ይህን ይዞ ቤት ይሸጣል፤ ዘመድ ያዋጣል፤ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ ይዞት ይሄዳል። አንዳንዱ ድኖ ይመለሳል፤ ለእነዚያ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላው ግን የቀሩትን ሳምንታት ከልጆቹና ከንስሐ አባቱ ርቆ፣ ቋንቋውን በማያውቅበት ክፍል ያሳልፋል፤ ልጆቹም ከሐዘኑ በኋላ ቤት አልባ ይሆናሉ። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ «ይድናል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ሐኪሙን ስለሚወደው ሕመምተኛ እንዲናገር ያስገድደዋል። «በዚህ ሕመም እዚህ ደረጃ ላይ ሆነው ካያችኋቸው ሰዎች መካከል ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት የነበሩት ስንቶቹ ናቸው? ወደ ውጭ ከሄዱትስ?» በሉ። ሐኪሙ መልሱን በትህትና ይንገራችሁ፤ የማያውቀው ከሆነም ከባልደረቦቹ ጠይቆ ይምጣ። ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ከመወሰናቸው በፊት ልጆቹ ያንን ቁጥር የመስማት መብት አላቸው።